በባቡር እስከ ባሕሩ፦ የአርባኛ ዓመታችን የጉዞ ዕቅድና የአንድ ሐዲድ ታሪክ

ባለፈው ዓመት ስብሰባችን ሊበተን ሲል፣ ሰው ሁሉ ኮቱንና ቁልፉን እየፈለገ ሳለ፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የባቻችን ልጅ እጇን አነሳች። «ለአርባኛ ዓመታችን ደግሞ ሆቴል ተሰብስበን ክትፎ ከምንበላ ለምን በባቡር አንሄድም? ግቢ ስንገባ በመጣንበት በዚያው በድሮው ባቡር! አሁን ግን በሦስተኛ ማዕረግ ሳይሆን በክብር፣ እስከ ባሕሩ ድረስ» አለች። ኑሮዋ አውሮፓ ነው። በሰሜን ስፔን የባሕር ዳርቻ ከባለቤቷ ጋር በአንድ የቅንጦት ባቡር ተሳፍራ ስለነበር ሥዕል ያለበት መጽሔቱን ይዛ መጥታለች። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ በእንጨት የተለበጠ ሳሎን፣ በመስኮቱ ማዶ ሰማያዊ ባሕር። መጽሔቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ኮቱን የለበሰው መልሶ አወለቀው።

እዚያው በቆምንበት ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ትራንስፖርቱን ያዘ። እኔን «አባትህ የሸመንደፈር ሰው ስለነበሩ ታሪኩን አንተ ጻፍ፤ ለተጓዦቹ የምትታደል ሁለት ገጽ ትበቃለች» አሉኝ። አባቴ ድሬዳዋ በሚገኘው የባቡሩ ጥገና ክፍል ዕድሜውን የጨረሰ ቶርነሪ ሠራተኛ ነበር። እሺ አልኩ። ሁለቱ ገጽ ግን አልበቃኝም። እየጻፍኩ ስሄድ ደግሞ ኮሚቴው ያሰበው ጉዞና ሐዲዱ ራሱ የሚናገረው ታሪክ አንድ እንዳልሆኑ ገባኝ። ስለዚህ ለዚህ ዓመት መጽሔታችን የምልከው ያችን ሁለት ገጽ ሳይሆን ይህንን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስታውስ። በቅንጦት ባቡር ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ደጋ መውጣት ለዚህ መስመር አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም አገራችን እንግዳ በመቀበል ከተጨነቀችባቸው ጊዜያት አንዱ በዚሁ ሐዲድ ላይ ያለፈ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የተጠሩት መልእክተኞች የመጡት በመርከብ ነበር። የእንግሊዙ መስፍን የግሎስተር ዱክ፣ የጣሊያኑ የኡዲኔ ልዑል፣ የፈረንሳዩ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ሌሎችም ከነአጃቢዎቻቸው ጅቡቲ ወደብ ወረዱ። ከዚያ አዲስ አበባ የሚያደርሳቸው ይኸው አንድ ሐዲድ ብቻ ነው። ደራሲው ኢቭሊን ዎ ጋዜጠኛ ሆኖ ለዘውዱ ሲመጣ በዚሁ መስመር ነው የወጣው፤ በዓመቱም ጉዞውን በመጽሐፍ አሳተመ።

እስቲ የዚያን ዝግጅት ራስ ምታት አስቡት። መስመሩ ነጠላ ነው። አንዱ ባቡር ሲወጣ ሌላው የሚወርደው ጣቢያ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ብቻ ነው። የአንድ አገር ልዑል ከሌላው ልዑል ኋላ ተጎትቶ መጣ እንዳይባል እያንዳንዱ የየራሱ ሰዓትና የየራሱ አቀባበል ያስፈልገዋል። ጣቢያው ላይ የክብር ዘብ፣ ሙዚቃና ምንጣፍ ይጠብቀዋል። ደግነቱ አዲሱ የለገሃር ጣቢያ ሕንጻ የተመረቀው ከዘውዱ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ ኅዳር 1922 ዓ.ም. ላይ ነበር። ስሙም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» በእኛ አፍ ለገሃር ሆኖ ቀረ። ዛሬ ታክሲ ረዳት «ለገሃር! ለገሃር!» ብሎ ሲጮህ ፈረንሳይኛ እየተናገረ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የባቡሩ እንቅልፍ ነው። በዚያ ዘመን የመንገደኛ ባቡር በሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ይታደራል። ጨለማው ውስጥ ጎርፍ የበላውን ድልድይ፣ ሐዲድ ላይ የተኛውን ግመልና ከብት የሚያይ የለምና። መንገደኛው ወርዶ እራቱን በልቶ፣ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሲነጋ ይሳፈራል። የባቡሩ ክብር እንግዲህ ግማሹ ሠረገላው ውስጥ፣ ግማሹ ጣቢያው አጠገብ ባለው ሆቴል ውስጥ ነበር ማለት ነው። የአዋሹን ቡፌ ያየ ሰው ይህንን አያጣውም፤ በረንዳውና ጥላው የተሠሩት የሚያድር መንገደኛ ታስቦ ነው።

የስፔኑን መጽሔት ስመረምር ፈገግ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ኤል ትራንስካንታብሪኮ የተባለው ያ ባቡር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ከትልልቅ ሳሎኖቹ አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ1923 የተሠሩ ናቸው። እሱም ሌሊት ይቆማል! መንገደኞቹ ሳይንገላቱ እንዲተኙ ተብሎ ጣቢያ ላይ ያድራል። እኛ በቸገረን ያደረግነውን እነሱ ለምቾት አደረጉት። ይህ ብቻ አይደለም። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው፤ የጅቡቲ ሐዲድ ስፋትም አንድ ሜትር። እህታችን ያደነቀችው ባቡር በሐዲድ ልክ ቢሆን የእኛው ዘመድ ነው። እዚያም ቢሆን በዚያ ጠባብ ሐዲድ ላይ ቀድሞ ይሄድ የነበረው ባለጠጋ አልነበረም፤ የድንጋይ ከሰል፣ የገበያተኛና የሠራተኛ መስመር ነበር። የግል ኩባንያዎቹ ሲከስሩ መንግሥት ሰብስቦ በአንድ ድርጅት ሥር አደረጋቸው። የቅንጦቱ ባቡር የተወለደው ድርጅቱ ማንም የናቀውን መስመር ምን እናድርገው ብሎ ሲጨነቅ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ወደ ራሳችን ሐዲድ ልመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት ቀድሞ። ፈቃዱ ለ99 ዓመት ሲሆን መስመሩ በወረቀት ላይ እጅግ ሩቅ ነበር፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል አልፎ እስከ ነጭ ዓባይ። ከኢልግ ጋር ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሼፍኑ ነበረበት። ሥራው ከባሕሩ ዳር የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ ወዲያ ያለው አገር ጥቁር ድንጋይና ደረቅ ወንዝ ነው። ውሃ የለም፣ ጥላ የለም፣ መሬቱ ከባሕሩ እንደተለየ ሽቅብ ይላል። የሸበሌና የሆልሆል ሸለቆዎች በብረት ድልድይ መታለፍ ነበረባቸው። ድሬዳዋ ለመድረስ አምስት ዓመት ፈጀ።

ድሬዳዋስ ለምን? ዕቅዱ ሐረር መግባት ነበር። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። ለእሷ ሲባል ሐዲድ ሽቅብ መሳብ ገንዘቡም ጉልበቱም አልፈቀደም። ባቡሩ ከተራራው ግርጌ፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቆመ። ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ላይ ሐዲዱ የደረሰበት ያ ሜዳ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ስሙ አልጸናም፤ ከተማዋ ግን ጸናች። ወንዙን ማዶ ለማዶ ይዘው ከዚራና መገላ በቀሉ። ከዚራ የሸመንደፈሩ ነው፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዛፍ፣ በረንዳ ያለው ቤት። መገላ ገበያው ነው፤ ጠመዝማዛ፣ ጫጫታ፣ ሳምቡሳ። እኛ ግቢ የገባን ዓመት ከባቡር ወርደን ሻንጣ ተሸክመን አውቶቡስ ስንፈልግ «አቦ፣ ወዴት ናችሁ? አለማያ? ተማሪ? በሉ ኑ፣ መጀመሪያ ሻይ ጠጡ!» ያሉን የመገላ ሰዎች ነበሩ። ዋጋውን ግን አልቀነሱልንም።

ከዚያ ኩባንያው ከሰረ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በመስመሩ ላይ ሲጎተቱ፣ ምኒልክም ሐዲዱ የባዕድ መንግሥት መግቢያ እንዳይሆን ሲጠነቀቁ ዓመታት ባከኑ። በ1900 ዓ.ም. ሥራው ለአዲስ ኩባንያ ተሰጠ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ ካረፉ በኋላ። አስቡት፤ ፈቃድ ከተሰጠበት 23 ዓመት። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። የዘውዱ እንግዶች የተንፈላሰሱበት ሐዲድ ይህንን ሁሉ አልፎ የመጣ ነው።

ከዘውዱም አምስት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ እነዚያ እንግዶች የወጡበት ሐዲድ ንጉሡን ይዞ ወረደ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ማይጨው ላይ ከሆነው በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተሰባቸው ጋር በባቡር ጅቡቲ ወርደው ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። መስኮቱ ያው፣ በረሃው ያው፣ ባሕሩም ያው ነው። ኮሚቴያችን ይህንን «ለመዝናኛ ጉዞ ትንሽ ይከብዳል» ብሎ ነበር። እኔ ግን አይከብድም አልኩ። የዘውዱን ባቡር ለተጓዥ ነግሬ የስደቱን ባቡር የምደብቅ ከሆነ ታሪክ አልጻፍኩም፤ የሆቴል ማስታወቂያ ነው የጻፍኩት።

በእውነት የተከራከርነው ግን በሌላ ነገር ነው። የ1980 ባች የሆናችሁ ሁሉ ጥር 1977ን ታስታውሳላችሁ። አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደርሶ ሠረገሎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። እኛ ግቢ ነበርን። ወሬው መጀመሪያ በሹክሹክታ ነው የመጣው፤ ያኔ ወሬ ሁሉ በሹክሹክታ ነበር። የዶርማችን ልጅ አክስቱ በዚያ ሳምንት እንደምትመጣ ጽፋለት ነበርና ፈቃድ ሳይጠይቅ ድሬዳዋ ወረደ። ሦስት ቀን ቆየ። አክስቱ በኋላ ደኅና መሆኗ ተሰማ፤ ባቡሩ አምልጧት ቀርታ ኖሯል። እሱ ግን ያን ሦስት ቀን ያያቸውን ሰዎች፣ ስም ሲጠራ ጆሯቸውን አቁመው የሚሰሙትን፣ እስካሁን ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። አሁን ኮሚቴው ውስጥ ካለነው ከሦስታችን አንዱ እሱ ነው። «በበራሪ ወረቀቱ ላይ አዋሽን አትጻፍ» ያለኝም እሱ ነው።

ሁለት ወር ተከራከርን። እሱ «ሰው ሊዝናና ነው የሚሄደው፤ ደግሞ በድልድዩ እያለፈ እንዲሳቀቅ?» ይላል። እኔ ደግሞ ያን ባቡር ሞልተውት የነበሩት እነማን እንደሆኑ አስባለሁ። ከኮንትሮባንድ ዕቃዋ ጋር የተቀመጠች ነጋዴ፣ ወታደር፣ ተማሪ፣ ለልጇ ጫማ የገዛች እናት። ያን መስመር 90 ዓመት ያህል ያኖረው የሦስተኛ ማዕረግ ትኬት ነው እንጂ የሳሎኑ ሠረገላ አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ ሠረገሎች ለገሃር ግቢ ውስጥ ተቆልፈው ለዓመታት ሲጠበቁ የእነዚያ ሰዎች የእንጨት ወንበር ግን የትም የለም። ቅርስ ስንል የቱን ማለታችን ነው? በመጨረሻ እሱ ራሱ አንድ ሐሳብ አመጣ። ባቡሩ አዋሽ ሲደርስ ስም አይጠራ፣ ንግግር አይደረግ፤ ግን በወረቀቱ ላይ ቀኑ ይጻፍ። ተስማማን። ቀኑ ይጻፋል።

ሐዲዱ ያየው መከራ ያ ብቻ አይደለም። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ፣ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ድልድዮቹ ፈርሰው መስመሩ ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በፊት በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ሆነ። ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ ደግሞ ፍራንኮ መባሉ ቀርቶ የኢትዮ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ሆነ። በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ መድቦ ጥገና ተጀመረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ከድሬዳዋ ወደ ጠረፉ ያለው ክፍል ከሌላው ዘግይቶ እየተንጠባጠበ አገልግሏል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ግን በብዙ ቦታ ተቆርጧል። መስከረም 2009 ዓ.ም. ላይ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ ሰፊ ሐዲድ፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጥሩ ባቡር ነው፤ እኔ አላማርረውም። ጣቢያዎቹ ብቻ ከየከተማው ርቀው ሜዳ ላይ ስለተሠሩ ለገሃር ወርዶ በእግር ፒያሳ መውጣት፣ ከዚራ ወርዶ ሻይ መጠጣት የሚባል ነገር ቀርቷል።

እንግዲህ ለእህታችን ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ ይህ ነው፦ በድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ባሕሩ መሄድ ዛሬ አይቻልም። ሠረገላ ጠፍቶ አይደለም። ገንዘብ ቢኖረንም አይቻልም። ስብሰባው ላይ «ሠረገላ እናድስ፤ ወንበሩን በቆዳ እናስለብስ፤ ዳያስፖራው ያዋጣል» የተባለው ከልብ የመጣ ነው፤ ግን ከጭራው ነው የጀመረው።

ከምን ይጀመራል? ሁለት የማውቀው ነገር አለ። አንዱ ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁ የስፔኑ ነው። እዚያ የቅንጦቱ ባቡር ሲወለድ ሐዲዱ ገና ሕይወት ነበረው። ተራው ሰው ይሳፈርበት ነበር፤ ጠጋኝ ነበረው፤ የምልክት ሠራተኛ ነበረው። ሳሎኑ የተጨመረው በሚሠራ መስመር ላይ ነው። ሁለተኛው ቅርባችን ነው፤ ከምጽዋ አስመራ። ጣሊያኖች የዘረጉት 118 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከቀይ ባሕር ዳር ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ድልድዩና ዋሻው ለዓይን ይታክታል። እ.ኤ.አ. በ1911 አስመራ ደረሰ። በ1970ዎቹ በጦርነቱ ሞተ፤ ብረቱና አጋዳሚው ተነቅሎ ለምሽግ ዋለ። ኤርትራ ነፃ ከወጣች በኋላ መስመሩን መልሰው የዘረጉት ማን ናቸው? የውጭ ኩባንያ አይደለም። ጡረታ የወጡ፣ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ። ብረቱን ከየምሽጉ ለቅመው፣ የድሮውን ሎኮሞቲቭ በእጃቸው አድሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አስመራ ድረስ አስገቡት። ከዚያ በኋላ ከሩቅ አገር የእንፋሎት ባቡር ወዳዶች እየመጡ ተከራይተው ተሳፈሩበት። እዚያ ሐዲድ አልነበረም፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን ነበሩ።

እኛስ? ይህንን ይዤ ባለፈው ጥር ድሬዳዋ ወረድኩ። የጥገናው ግቢ አለ። ገብታችሁ ብታዩት አባቴን የማታውቁት እንኳን ትገረማላችሁ። የቶርኖ ማሽኖቹ፣ የማንሻ ክሬኑ፣ መንኮራኩር የሚታረምበት ትልቁ ጉድጓድ፣ ሰልፍ የቆሙ ሎኮሞቲቮች። ጅቡቲ ወይም ፈረንሳይ ልከው የማያመጡትን ዕቃ እዚያው ይቀርጹት እንደነበር አባቴ ይነግረኝ ነበር። «ብሎን ጠፍቶ ባቡር ቆሞ አያውቅም» ይል ነበር፤ ትንሽ ጉራ አለበት መቼስ። ከእሱ ጋር የሠሩ አንድ ሽማግሌ ቤታቸው ከዚራ ነው። ሄድኩባቸው።

«ጋሼ፣ እንበልና ገንዘብ ተገኘ፣ ሐዲዱም ከዚህ እስከ ደወሌ ተስተካከለ፤ ከቆሙት አንዱ ሞተር ተነስቶ ይሄዳል?» አልኳቸው።

«ሞተሩ ይነሳል። ሞተር ምን አለበት» አሉኝ። «ልጄ፣ አንተ የምትጠይቀኝ ስለመሄድ ነው፤ ስለማቆም ጠይቀኝ እንጂ። ከአዋሽ ወዲህ፣ ከአሊ ሳቢህ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ፍሬኑን በጆሮው ሰምቶ የሚያስተካክል ሰው ማን ቀረ? እኔ አለሁ። ሌላው ዓይኑ ፈዟል። ሦስተኛው አምና ሞተ።»

«ያስተማሩት የለም?»

«ማን መጣና?» አሉ። ቡናውን ጠጣን። ከዚያ ስለ አባቴ አወራን።

እንግዲህ ኮሚቴው ተነጋግሮ የደረሰበት ዕቅድ የሚከተለው ነው፤ ያሰብነውን ያህል የቅንጦት አይደለም። ከአዲስ አበባ በአዲሱ ባቡር ጠዋት እንነሳለን። ፕሮግራሙ ስለሚቀያየር ቀኑን ከጣቢያው ሳናረጋግጥ ለማንም አንነግርም። የመጀመሪያው ሌሊት እንደ ጥንቱ ድሬዳዋ ይሆናል። እዚያ አንድ ሙሉ ቀን እንቆያለን። ግማሹ ቀን ለግቢያችን ነው፤ አለማያ እንወጣለን፤ ሐይቁን ማየት የሚፈልግ ያያል፤ እንዲያለቅስም ይፈቀድለታል። ግማሹ ቀን ለጥገናው ግቢና ለድሮው ጣቢያ ነው። ከዚያ ወደ ባሕሩ።

ስለዚህኛው ክፍል ትንሽ ልበል፤ የጉዞው ውበት ያለው እዚህ ነውና። ከድሬዳዋ እንደወጣችሁ ሽንሌ፣ ከዚያ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። ዛፉ እያነሰ፣ ሰማዩ እየሰፋ ይሄዳል። ግመሎቹ ባቡር አይተው አይደነግጡም፤ ከመቶ ዓመት በላይ አይተዋል። ጠረፉን አልፎ አሊ ሳቢህ፣ ቀጥሎ ሆልሆል። እዚህ ላይ የድሮውን ሐዲድና የብረት ድልድዩን አስታውሱ። በጥንታዊው ባቡር የሚሄድ ሰው ከዚህ በኋላ መስኮቱን ይከፍት ነበር አሉ፤ የባሕር ሽታ ይመጣል ብሎ። አዲሱ ባቡር ናጋድ ላይ ያወርዳል፤ ከዚያ ወደ ከተማዋ በመኪና ነው። ለባሕሩ ደግሞ ሁለት ቀን መድበናል። አንዱ ለታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አንዱ ለአሳል ሐይቅ። አሳል ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳሩ ነጭ ጨው፣ ዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ከእኛ ደጋ ተነስቶ እዚያ የሚቆም ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ወርዷል ማለት ነው። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከፍታው አይደለም፤ ደረጃ የለም፤ ሙቀቱን ግን ተጠንቀቁ። ስለዚህ ጉዞው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብቻ ይሆናል። በሐምሌ ጅቡቲ እንሂድ ያለ የኮሚቴ አባል ነበረን፤ ስሙን አልጠራም፤ ኬሚስትሪ ነበር ያስተማረው።

ምግቡን በተመለከተ በባቡሩ ላይ ነጭ ጨርቅ አይኖርም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሣህን ይዞ ይመጣል። ከዝግጅቱ የቀረ ነገር የለም ያሉ አሉ፤ እኔ ግን ዕቁባችን በዚህ ሁኔታ የበለጠ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ግቢ ስንሄድ ሐሳባችን የነበረው እናታችን የቋጠረችልን ዳቦ አይደል።

ለቅንጦት ሊዋል ከታሰበው መዋጮ ግማሹን ምን እናድርገው ለሚለው ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ አለ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ከግቢያችን የተመረቁ ወጣቶች ሦስት ወር ድሬዳዋ ይቀመጡ፤ በሕይወት ያሉትን የጥገና ሠራተኞች ቤት ለቤት ይጎብኙ፤ ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ የሚያውቁትን ማሽን ፊት አቁመው በምስል ይያዙ። ፍሬኑ በምን ድምፅ እንደሚታወቅ፣ መንኮራኩር በስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ ጎርፍ የወሰደው ሐዲድ በስንት ሰው በስንት ሰዓት ይቀጠል እንደነበር። አንድ ቀን ከድሬዳዋ እስከ ጠረፉ እንኳን የቅርስ ባቡር ልሂድ የሚል ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንን ነው። ለሠረገላው ቆዳ የሚሸጥ ሰው ያኔም አይጠፋም። የኮሚቴው ሦስተኛ አባል፣ ገንዘቡን የያዘው፣ «ሽማግሌዎቹ እስከዚያ ከቆዩ» አለ። እኔም ስለዚህ ነው ስብሰባው ከግንቦት ወደ መጋቢት እንዲመጣ የጠየቅኩት።

ለጉዞው እስካሁን የተመዘገብን 27 ነን። ከከዚራው ሽማግሌ ቤት ልወጣ ስል በሩ ላይ አስቆሙኝና «ባቡሩ ላይ ቦታ አለ?» አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ጠግነው ጅቡቲ የወረዱት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በሌሊት ለብልሽት ተጠርተው። ባሕሩን በቀን አላዩትም። «በመስኮት በኩል ከሆነ ብቻ» አሉ። በመስኮት በኩል ጻፍኳቸው። 28።